ምዕራፍ ሰባት፦ በአደባባይ የተጠየቀ ጥያቄ

ባለፈው ምዕራፍ አንድን ነገር በዝርዝር ስለሚያብራራ ድርሰት ተምራችኋል። በዚህ ምዕራፍ የምትማሩት ከጽሑፍ ዓይነቶች ሁሉ አጭር ስለ ሆነው፣ ይሁን እንጂ ብዙ ሰው ስለሚሳሳትበት ነው፤ ይኸውም በጽሑፍ የሚቀርብ ጥያቄ ነው። «ጥያቄ ለመጻፍ ምን ትምህርት ያሻል? ሕፃንም ይጠይቃል» የሚል ከመካከላችሁ ይኖር ይሆናል። ሕፃን የሚጠይቀው አጠገቡ ያለችውን እናቱን ነው፤ እናቱም ልጅዋ ምን እንደ ነካ፣ ምን እንዳየ፣ ምን እንደ ፈራ አስቀድማ ታውቃለች። በጽሑፍ የሚጠይቅ ሰው ግን የሚያነጋግረው ሁኔታውን ያላየ ሰው ስለ ሆነ፣ ሳይጽፈው የቀረ ነገር ሁሉ ለአንባቢው እንዳልነበረ ይቆጠራል።

ቀጥሎ ያለው ምንባብ ስለ ኮምፒዩተር ፕሮግራም ሠሪዎች አጠያየቅና በቅርቡ ስለ ደረሰበት ለውጥ ይናገራል። ኮምፒዩተር ነክታችሁ የማታውቁ ብትሆኑም አትሥጉ፤ ምንባቡን ለመረዳት የሚያስፈልጋችሁ የወራትን ስም ማወቅና ለ4 ማካፈል መቻል ብቻ ነው። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፈ ነው። በመጀመሪያ ድምፅ ሳታሰሙ አንብቡ፤ ሁለተኛ ስታነቡ ግን የጥያቄ ዓረፍተ ነገር ባጋጠማችሁ ቁጥር በደብተራችሁ ጻፉት።

ምንባብ

በድሬዳዋ ሰፊ የኢንዱስትሪ ፓርክ አለ። ሥፍራው በመጀመሪያ ለፋብሪካዎች ታስቦ የታነጸ ሲሆን፣ ነሐሴ 8 ቀን 2014 ዓ.ም. በአገራችን የመጀመሪያው ነጻ የንግድ ቀጠና ሆኖ ተመረቀ። ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ ወደብ የሚወስደው የባቡር መሥመር በድሬዳዋ በኩል ስለሚያልፍ፣ ከተማይቱ ከባሕር ማዶ ለሚመጣውም ወደ ባሕር ማዶ ለሚሄደውም ዕቃ አመቺ ማረፊያ ናት። ዕቃ በሚያርፍበት ሥፍራ ሁሉ መዝገብ አለ፤ በመዝገብም ውስጥ ቀን አለ።

እስቲ በእንዲህ ያለ ሥፍራ፣ በአንድ መጋዘን ውስጥ የዕቃ መዝጋቢ ሆና የምትሠራ አንዲት ወጣት በአሳባችሁ ሳሉ። ይህች ወጣት ፕሮግራም መጻፍን የተማረችው በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. «አምስት ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደሮች» በሚል ስም በተጀመረው የኢንተርኔት ሥልጠና ነው እንበል። ዕቃው የሚገባበትን ቀን የምትመዘግበው በእኛ አቆጣጠር ሲሆን፣ የወደቡ ሰነድ የሚፈልገው ግን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ስለ ሆነም አንዱን ቀን ወደ ሌላው የሚለውጥ አነስተኛ ፕሮግራም ጻፈች። ፕሮግራሙ ለወራት ያህል ያለ እንከን ሠራ። አንድ ቀን የቆየ መዝገብ ስታስገባ «ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ዓ.ም.» ብላ ብትጽፍ፣ ኮምፒዩተሩ «እንዲህ ያለ ቀን የለም» ብሎ መለሰላት።

ቀኑ ግን ነበረ። ጳጉሜን በሦስት ዓመት 5 ቀን፣ በአራተኛው ዓመት 6 ቀን እንደምትሆን ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቃለች፤ ፕሮግራሙን በጻፈች ጊዜ ግን ረስታዋለች። ከዚያች ቀን በኋላ ያሉት ቀኖችም ሁሉ እስከሚቀጥለው የካቲት ድረስ በአንድ ቀን ተዛንፈው ተገኙ። በመጋዘን ሥራ የቀን ሒሳብ የኪራይ ሒሳብ ነውና ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እንግዲህ ማንን ትጠይቅ?

ድሬዳዋ ሰው ከሰው እየጠየቀ ሙያ የተማረባት ከተማ ናት። ከተማይቱ የተቆረቆረችው ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. እዚያ በደረሰ ጊዜ ነው፤ የባቡሩ መጠገኛም በዚያ ነበረ። የኩባንያው ቋንቋ ፈረንሳይኛ ስለ ነበር፣ ዛሬም የባቡር ጣቢያውን ሠፈር «ለገሃር» ስንል የምንናገረው በፈረንሳይኛ ነው። በእንዲህ ያለ የመጠገኛ ቤት ውስጥ አንድ ለማጅ አለቃውን ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲጠይቅ፣ መልሱን የሚሰማው እሱ ብቻ አይደለም፤ ከጎኑ ያለውም፣ መዶሻ ሊዋስ የመጣውም ይሰማል። የአንዱ አለማወቅ የሦስቱ ትምህርት ይሆናል።

ፕሮግራም ሠሪዎች ይህንኑ ልማድ በዓለም ስፋት ለመሥራት ሞክረው ነበር፤ ተሳክቶላቸውማል። ጄፍ አትዉድና ጆዌል ስፖልስኪ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን በመስከረም ወር 2001 ዓ.ም. ስታክ ኦቨርፍሎው የሚባል የጥያቄና መልስ አደባባይ በኢንተርኔት ላይ ከፈቱ። አሠራሩ እንዲህ ነው። አንድ ሰው ያስቸገረውን ነገር ይጽፋል፤ የሚያውቅ ሰው ያለ ክፍያ ይመልሳል፤ ሌሎች ደግሞ ለጥያቄውም ለመልሱም ድምፅ ይሰጣሉ፤ ብዙ ድምፅ ያገኘው መልስ ከላይ ይቀመጣል። ስሕተት ያየ ሰው በግርጌው እርማት ይጽፋል። ጥያቄውም መልሱም እርማቱም ለማንም ሰው ክፍት ሆኖ እዚያው ስለሚቆይ፣ ከአምስት ዓመት በኋላ በሌላ አገር ያለ ሰው ያው ችግር ቢደርስበት እንደገና መጠየቅ አያስፈልገውም፤ ፈልጎ ያነባል። እንዲህ እየተጠራቀመ ከ20 ሚሊዮን በላይ ጥያቄ የያዘ ጎተራ ሆነ። በዓለም ላይ ፕሮግራም የጻፈ ሰው፣ የአዲስ አበባውም ጭምር፣ ከዚህ ጎተራ ያልቆነጠረ ጥቂት ነው።

አደባባዩ ግን ፊቱ የሚከብድ አደባባይ ነበር። ጥያቄው ከዚህ በፊት የተጠየቀ ከሆነ ይዘጋል፤ ጥርት ያላለ ከሆነም ይዘጋል፤ አንዳንዱ መላሽ ደግሞ በማስተማር ፈንታ ይሳለቃል። ድርጅቱ ራሱ አደባባዩ ለአዲስ መጤዎች፣ ለሴቶችና ለሌሎችም ወገኖች የሚያስፈራ መሆኑን በ2010 ዓ.ም. በይፋ አምኗል። በዚህ ላይ ቋንቋው እንግሊዝኛ ነው። በኋላ በፖርቱጋልኛ፣ በሩሲያኛ፣ በስፓኒሽና በጃፓንኛ ተመሳሳይ አደባባዮች ተከፍተዋል፤ በአማርኛ ግን የተከፈተ የለም። የመጋዘኗ ወጣት እዚያ ሄዳ ለመጠየቅ በመጀመሪያ ጳጉሜን ምን እንደ ሆነች በእንግሊዝኛ ማስረዳት ይኖርባታል።

ኅዳር 21 ቀን 2015 ዓ.ም. ኦፕን ኤአይ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ቻት ጂፒቲ የተሰኘውን ቻትቦት ለሕዝብ አቀረበ። ቻትቦት በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠራ፣ በጽሑፍ ሲጠይቁት በጽሑፍ የሚመልስ ፕሮግራም ነው። እጅግ ብዙ ጽሑፍ እንዲያነብ ተደርጎ፣ ከአንድ ቃል ቀጥሎ የትኛው ቃል ሊመጣ እንደሚችል በስሌት እየገመተ መልሱን ያቀናብራል። ካነበባቸው ጽሑፎችም መካከል ፕሮግራም ሠሪዎች በአደባባይ የጻፉት ጥያቄና መልስ ይገኝበታል። ቻትቦት አይቆጣም፤ «ይህ ተጠይቋል» ብሎ አይዘጋም፤ እኩለ ሌሊትም ይመልሳል። በአማርኛ ቢጠይቁት በአማርኛ ይመልሳል፤ ይሁን እንጂ በኢንተርኔት ላይ ያለው የአማርኛ ጽሑፍ ጥቂት ስለ ሆነ የአማርኛው ከእንግሊዝኛው ይደክማል።

ከአምስት ቀን በኋላ፣ ኅዳር 26 ቀን፣ ስታክ ኦቨርፍሎው በቻት ጂፒቲ የተጻፈ መልስ በአደባባዩ ላይ እንዳይለጠፍ ለጊዜው ከለከለ። የሰጠውም ምክንያት ልብ ሊባል የሚገባው ነው፤ መልሶቹ ትክክል መስለው ይታያሉ፣ በቅጽበትም ይጻፋሉ፤ ስሕተቱን ፈልጎ ለማግኘት ግን የሰው ጊዜ ያስፈልጋል። በኋላ በአሜሪካ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከዚሁ አደባባይ 517 ጥያቄዎችን ወስደው ለቻት ጂፒቲ ቢያቀርቡለት፣ ከመልሶቹ 52 በመቶው ስሕተት ያለባቸው ሆነው ተገኙ። ይህ ጥናት በ2016 ዓ.ም. ታተመ፤ ከዚያ ወዲህ እነዚህ ፕሮግራሞች እየተሻሻሉ መጥተዋል። ከቁጥሮቹ ሁሉ ግን ይበልጥ የሚያሳስበው ሌላው ነው፤ መልሶቹን እንዲመረምሩ የተጠየቁት ሰዎች ከ100 ጊዜ 39 ጊዜ ያህል ስሕተቱን ሳያስተውሉት አልፈዋል። ምክንያቱም መልሱ በጥሩ ቋንቋ የተጻፈ ነበረ። ድርሰት የምትማሩ ተማሪዎች ይህን አትርሱ፤ ያማረ ዓረፍተ ነገርና እውነተኛ ዓረፍተ ነገር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ክልከላው የሰውን ፍልሰት አላስቆመውም። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ታትሞ የወጣ ሌላ ጥናት፣ ቻት ጂፒቲ በወጣ በ6 ወር ውስጥ በስታክ ኦቨርፍሎው ላይ የሚጻፈው በ25 በመቶ ያህል መቀነሱን አሳየ። ተመራማሪዎቹ ይህን ያወቁት ቻት ጂፒቲ እንደ ልብ በማይገኝባቸው በሩሲያና በቻይና ካሉ ተመሳሳይ አደባባዮች ጋር በማነጻጸር ነው። የቀነሰውም የጀማሪ ጥያቄ ብቻ አልነበረም፤ የልምድ ባለቤቶችም ጽሑፍ አብሮ ቀንሷል። ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት ቅነሳው እየባሰ ሄደ።

በአደባባዩ ውስጥም ጠብ ተነሣ። በግንቦት መጨረሻ 2015 ዓ.ም. በፈቃዳቸው የሚያገለግሉ ተቆጣጣሪዎች ሥራ አቆሙ። ቅሬታቸው፣ በፕሮግራም የተጻፉ የሚመስሉ መልሶችን እንዳያነሡ ድርጅቱ ከልክሎናል የሚል ነበር፤ አድማውም ሁለት ወር ያህል ቆየ። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ደግሞ ድርጅቱ በጎተራው ያለውን ጽሑፍ ለመጠቀም ከሚፈልገው ከኦፕን ኤአይ ጋር ውል መዋዋሉን አስታወቀ። በዚህ የተቆጡ አንዳንድ ጸሐፊዎች የራሳቸውን የቆዩ መልሶች ለመሰረዝ ሞከሩ፤ ድርጅቱም መልሶቹን መልሶ አስገባ፣ የጸሐፊዎቹንም መጠቀሚያ ለጊዜው ዘጋ። ለአሥር ዓመት ያህል ለማያውቀው ሰው በነጻ የመለሰ ሰው፣ መልሱ ለማን እንደ ሆነ የተጠራጠረው ያን ጊዜ ነው።

ወደ ድሬዳዋ እንመለስ። ወጣቷ ለቻትቦቱ ጻፈች፤ እሱም፦ «ዓመቱ ለ4 ያለ ቀሪ ከተካፈለ ጳጉሜን 6 ቀን ናት» ብሎ መለሰ እንበል። መልሱ አጭር ነው፤ ግልጽም ነው። እናንተ ግን ተጠንቅቃችሁ ሞክሩት። 2015ን ለ4 ብታካፍሉ 503 ደርሶ 3 ይቀራል፤ ስለዚህ በዚህ ሕግ መሠረት 2015 ዓ.ም. ጳጉሜን 6 የላትም። ቻትቦቱ የሰጣት የአውሮፓውያኑን የየካቲት ሕግ ነው፤ እሱ ካነበበው ውስጥ የሚበዛው የነሱ ነውና። የእኛ ሕግ ግን ዓመቱ ለ4 ሲካፈል 3 ሲቀር ነው። ይህንን የአብነት ተማሪ ያለ ኮምፒዩተር ያውቀዋል። በባሕረ ሐሳብ ዓመታቱ ለአራቱ ወንጌላውያን ለማቴዎስ፣ ለማርቆስ፣ ለሉቃስና ለዮሐንስ በየተራ ይሰጣሉ፤ ጳጉሜን 6 የምትሆነው በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ነው፤ 2015 ዓ.ም.ም ዘመነ ሉቃስ ነበረ።

ይህ ስሕተት በአደባባይ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ፣ ከጎንደርም ሆነ ከዋሽንግተን አንድ ሰው «ይህ የፈረንጆቹ ሕግ ነው፤ የእኛ ቀሪው 3 ሲሆን ነው» ብሎ በግርጌው ይጽፍ ነበር። እርማቱም ለሚቀጥለው መዝጋቢ ይቆይ ነበር። ወጣቷና ቻትቦቱ ብቻ ለብቻ በተነጋገሩበት ቤት ግን ሦስተኛ ሰው የለም። እሷ ብልህ ሆና ስሕተቱን ብትደርስበትና ብታርመው እንኳ፣ እርማቱ ከመጋዘኑ ደጃፍ አያልፍም፤ ነገ በሞጆ ወይም በመቀሌ ያለው መዝጋቢ ያንኑ የተሳሳተ መልስ ይቀበላል።

ነገሩ በእኛ ቋንቋና በእኛ አቆጣጠር ላይ የሚከብደው በዚህ ምክንያት ነው። የእንግሊዝኛው ጎተራ መጉደል የጀመረው ሞልቶ ሳለ ነው። ፊደላችን የዓለም ኮምፒዩተሮች በጋራ በሚጠቀሙበት በዩኒኮድ ሰንጠረዥ ውስጥ የገባው በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ ከዚያ ወዲህ የእኛ ፕሮግራም ሠሪዎች የሚያጋጥማቸው ችግር ሌላው ዓለም የማያውቀው ነው። ለምሳሌ ያህል አንድ ሰው በመዝገብ «ኃይሉ» ተብሎ ተጽፎ፣ ፈላጊው «ሀይሉ» ብሎ ቢጽፍ ኮምፒዩተሩ ሁለቱን የተለያዩ ሰዎች አድርጎ ያያቸዋል። ሰዓታችን ከንጋት ይቆጠራል፤ ወራታችን 13 ናቸው። ለእነዚህ ችግሮች መፍትሔ ያገኙ ኢትዮጵያውያን በአገር ውስጥም በውጭም አሉ። በአደባባይ የጻፉት ግን ጥቂት ነው፤ ለቻትቦት ብቻ የሚጠይቀው ሰው በበዛ ቁጥር ደግሞ የሚጻፈው ይቀንሳል።

ቻትቦቶቹስ ከወዴት ይማራሉ? በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣ ጥናት፣ እንዲህ ያሉ ፕሮግራሞች የሰውን ጽሑፍ ትተው ሌሎች ፕሮግራሞች የጻፉትን ብቻ ደጋግመው ቢማሩ መልሳቸው ከትውልድ ወደ ትውልድ እየተበላሸ እንደሚሄድ አሳይቷል። ከሰው ጎተራ የበላ፣ ጎተራው ሲራቆት እርሱም ይራባል ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ካልን በኋላ፣ ወጣቷን ቻትቦቱን በመጠየቋ መውቀስ ተገቢ አይደለም። የዚህ መጽሐፍ አዘጋጅ መምህር በነበረበት ጊዜ፣ ከአርባ ተማሪዎች መካከል እጁን አንሥቶ «አልገባኝም» የሚል አንድ ተማሪ ሲገኝ፣ ሃያው በእፎይታ ሲተነፍሱ ይታይ ነበር፤ ለእነሱም አልገባቸውም ነበርና። ያ አንዱ ተማሪ ግን ብዙ ጊዜ ይሣቅበት ነበር። ሣቅ የፈራ ሰው የማይሥቅ መላሽ ቢያገኝ ወደዚያ ይሄዳል። የሳቁት ሰዎች ጥፋት በቻትቦቱ ላይ ሊጫን አይችልም። ወጣቷ ሁለቱንም ልታደርግ ትችላለች፤ በመጀመሪያ ለቻትቦቱ፣ ቀጥሎም ያገኘችውን መልስ በራሷ መዝገብ ፈትና፣ የሠራውን ከነምክንያቱ ሌላ ሰው በሚያነብበት ሥፍራ በአማርኛ መጻፍ። ይህ የሚጠይቃት ጊዜ ግማሽ ሰዓት ነው። ግማሽ ሰዓትም በመጋዘን ሥራ ላይ ለዋለ ሰው ቀላል አለመሆኑ ይታወቃል።

ስለ ሰዋስው

የጥያቄ ዓረፍተ ነገር በሁለት ይከፈላል። አንደኛው መጠይቅ ቃል ያለበት ሲሆን፣ መጠይቅ ቃላትም ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼ፣ ስንት፣ የትኛው፣ ለምንና እንዴት የመሳሰሉት ናቸው። ሁለተኛው መጠይቅ ቃል የሌለበትና መልሱ አዎን ወይም አይደለም የሚሆን ነው፤ «ፕሮግራሙ ሠራ ወይ?» እንደሚለው። የመጀመሪያውን በታችኛ ክፍሎች ስለ ተማራችሁት እዚህ አናስረዝመውም። አሁን የምናተኩረው ከመጠይቁ ጋር ተደብቆ በሚገባ ግምት ላይ ነው።

«ቀኑን ማን ለወጠው?» የሚለውንና «ቀኑን የለወጠው ማን ነው?» የሚለውን አነጻጽሩ። ሁለቱም ባለቤቱን ይጠይቃሉ። በሁለተኛው ግን «የለወጠው» የሚለው ቃል አንድ ሰው ቀኑን መለወጡን እንደ ተረጋገጠ ነገር አድርጎ ያቀርበዋል። ማንም ሳይለውጠው በራሱ የተሳሳተ ቢሆንስ? ጠያቂው ሳያውቀው መልሱን በአንድ በር ብቻ እንዲገባ አድርጎታል። «ፕሮግራሙን ያበላሸው የትኛው መሥመር ነው?» ብሎ የሚጠይቅም ጥፋቱ በአንድ መሥመር ውስጥ መሆኑን አስቀድሞ ፈርዷል፤ በእኛ ምሳሌ ግን የተበላሸ መሥመር አልነበረም፤ ሳይጻፍ የቀረ መሥመር ነበር።

ከሁሉ የከፋው በ«አይደል?» ወይም በ«አይደለም ወይ?» የሚያልቀው ነው። «ጳጉሜን 6 የምትሆነው ዓመቱ ለ4 ያለ ቀሪ ሲካፈል ነው፣ አይደል?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው የሚፈልገው መልስ ሳይሆን ማረጋገጫ ነው። ይሉኝታ ያለው ሰው «አዎን» ይለዋል። ቻትቦትም የጠያቂውን አሳብ ወደ መደገፍ የማዘንበል ጠባይ እንዳለው ታውቋል፤ ስለዚህ የተሳሳተ ግምት በውስጡ የያዘ ጥያቄ የተሳሳተ መልስ የማግኘት ዕድሉ ሰፊ ነው። ግምታችሁን መጻፍ ስትፈልጉ ከጥያቄው ለይታችሁ፣ «እንደሚመስለኝ» ብላችሁ በሐተታ ዓረፍተ ነገር ጻፉት፤ ጥያቄውንም ክፍት አድርጋችሁ ተዉት።

አሁን ደግሞ ሙሉ ጥያቄ ምን እንደሚመስል ተመልከቱ። የመጀመሪያው እንዲህ የሚል ነው፦

«ፕሮግራሜ አልሠራ አለኝ። ምን ላድርግ?»

ሁለተኛው ደግሞ እንዲህ ይላል፦

«የኢትዮጵያን ቀን ወደ አውሮፓውያን ቀን የሚለውጥ ፕሮግራም ጽፌአለሁ። ጳጉሜን 5 ቀን 2015 ዓ.ም. ብዬ ስጽፍ ትክክለኛውን ቀን ይሰጠኛል፤ ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ዓ.ም. ብዬ ስጽፍ ግን «እንዲህ ያለ ቀን የለም» ይላል። ጳጉሜን በ4 ዓመት አንድ ጊዜ 6 ቀን እንደምትሆን አውቃለሁ። ፕሮግራሙ ያንን ዓመት እንዲለይ የማደርገው በምን ስሌት ነው?»

በመጀመሪያው ላይ «አልሠራ አለኝ» የሚለው የጠያቂውን ስሜት ይገልጻል፤ ስለ ፕሮግራሙ ግን የሚናገረው ነገር የለም። መኪናውም፣ የውሃ ቧንቧውም፣ ብዕሩም አልሠራ ሊል ይችላል። በሁለተኛው ላይ ጥያቄው የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ብቻ መሆኑን ልብ በሉ። ከእርሱ በፊት ያሉት ሁሉ ሐተታ ናቸው። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ሥራውን ያስተዋውቃል። ሁለተኛው ፕሮግራሙ የሚሠራበትንና የማይሠራበትን በ«ግን» አነጻጽሮ ያስቀምጣል፤ የጠያቂዋ ጽሑፍ ጉልበት ያለው በዚህ ንጽጽር ላይ ነው፤ መላሹ ችግሩ በሁለቱ ቀኖች መካከል መሆኑን ያለ ድካም ያያልና። ሦስተኛው ጠያቂዋ የምታውቀውን ይገልጻል። «በምን ስሌት» የሚለው መጠይቅም ከማሰሪያው አንቀጽ አጠገብ ተቀምጧል። እንዲህ አድርገው የጻፉ ብዙ ሰዎች መጨረሻው ላይ ሳይደርሱ መልሱን ራሳቸው ያገኙታል። ከስሕተቱ የተነገረው ቃል በጥቅስ ውስጥ እንዳለ መጻፉንም አትለፉት፤ «ስሕተት አለ አለኝ» ብሎ በራስ ቃል ማጠቃለል መላሹን ዓይኑን እንደ መሸፈን ይቆጠራል።

መልመጃ

ሀ. በምንባቡ መሠረት ለሚከተሉት ጥያቄዎች በሙሉ ዓረፍተ ነገር መልስ ስጡ።

1. በመጠገኛ ቤት የሚጠየቅ ጥያቄና ለቻትቦት የሚጠየቅ ጥያቄ በምን ይለያያሉ?

2. ስታክ ኦቨርፍሎው በኅዳር 2015 ዓ.ም. ክልከላ ያደረገው ለምንድን ነው?

3. የቆዩ መልሶቻቸውን ለመሰረዝ የሞከሩት ጸሐፊዎች መብት ነበራቸው ትላላችሁ? መልሳቸውን የሚፈልገው ሌላ አንባቢስ? ሁለቱንም ወገን ደግፋችሁ በየተራ በአንድ በአንድ አንቀጽ ጻፉ።

4. 2019፣ 2020፣ 2023 እና 2026 ዓ.ም. ከተባሉት ዓመታት ጳጉሜን 6 ቀን የምትሆነው በየትኞቹ ነው? ስሌቱን አሳዩ።

ለ. የሚከተሉት ጥያቄዎች የደበቁትን ግምት አውጥታችሁ ጻፉ፤ ቀጥሎም ግምቱን አስወግዳችሁ እንደገና ጠይቁ።

1. ደብተሬን የሰረቀው ማን ነው?

2. ባቡሩ ዛሬም የዘገየው ለምንድን ነው?

3. «ኃይሉ» የሚለው ስም በኮምፒዩተሩ ውስጥ ያልተገኘው መዝጋቢው ስለ ረሳው ነው፣ አይደል?

ሐ. በቤታችሁ ወይም በአካባቢያችሁ ካለ ባለ ሙያ፣ ልብስ ሰፊም ይሁን መካኒክ ወይም ሸማኔ፣ ልትጠይቁት የምትፈልጉትን አንድ እውነተኛ ችግር ምረጡ። ከአሥር መሥመር ሳታስበልጡ በጽሑፍ ጠይቁት። ጽሑፋችሁን ለሙያው እንግዳ ለሆነ የክፍል ጓደኛችሁ ስጡና ምን እንዳልገባው በኅዳጉ ላይ እንዲያመለክት አድርጉ። ከዚያ በኋላ አርማችሁ እንደገና ጻፉ። ባለ ሙያው የሰጣችሁን መልስም ከጥያቄው ሥር ጽፋችሁ በክፍሉ ግድግዳ ላይ ለጥፉ፤ መልሱ ስሕተት አለበት የሚል ተማሪ እርማቱን ስሙን ጨምሮ በግርጌው ይጻፍ።